ያላነሰችው ሴትዮ

የልጅ ልጄን ፎቶ በየሳምንቱ ለእናቷ በኢሜይል የምልከው እኔ ነኝ። ልጄ ሥራዋ ሩቅ አገር ነው፤ ልጅቷን ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ዛሬ ጠዋት ሳሎን ያነሳኋት ፎቶ ግን ከብዶ አልሄድ አለኝ። ለእናቷ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አሳንሰሽ ላኪያት።»

«ልጅቷን ነው የማሳንሳት?»

«ፎቶውን ነዋ፤ አንቺ ደግሞ» ብላ ሳቀችብኝ።

እንደነገረችኝ ጓዳ ባለው ኮምፒውተር ላይ አሳነስኩት። ልጅቷም አነሰች፣ የተቀመጠችበት ወንበርም አነሰ፣ መጋረጃውም አነሰ። መጋረጃው አጠገብ የቆመችው ሴትዮ ግን አላነሰችም። ቅድም ጥላ መስላኝ ነበር። ቤት ውስጥ ከእኔና ከልጅቷ በቀር ማንም አልነበረም።

መነጽሬን ጠረግኩ። ልላከው ብል አሁንም አልሄድ አለ፤ ደግሜ አሳነስኩት። ሴትዮዋ እንዳለች ናት። ክፍሉ ጠቧት፣ ጭንቅላቷ ጣሪያውን ነክቶ፣ ወንበሩ ጀርባ ደርሳለች።

«የኔ ልጅ፣ ሳሎን ነሽ?» አልኩ ከጓዳ ሆኜ።

«አለሁ፣ እማማ። ሥዕል እየሳልኩ ነው።»

ድምጿን ስሰማ ልቤ መለስ አለ። ፎቶውን ወደ ቀድሞው ልመልሰው ብዬ ነካ ባደርግ ይባስ አነሰ። ልጅቷ አውራ ጣት አከለች። የሴትዮዋ እጅ ጸጉሯ ላይ አርፏል።

«እማማ፣ ጸጉሬን ተዪኝ» አለች ልጅቷ ከሳሎን። «እጅሽ ይቀዘቅዛል።»

ሁለቱም እጆቼ ኮምፒውተሩ ላይ ነበሩ።