የግራው እጅጌ

«እግሩን ያዢልኝ! እግሩን ነው ያልኩሽ፣ ጅራቱ ምን ያደርግልኛል!»

ልጇ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የውሻውን የፊት እግር በሹራቡ ቀዳዳ አሾለከችው። እናትየው ሆዱ ሥር ያሉትን ሦስት ቁልፎች ቆለፈችና ወገቧን ይዛ ተነሣች። ልክክ ብሎለታል። አርባ ዓመት ሹራብ እየሠራች የኖረች ሴት ናት፤ ሰውን እንኳ በሜትር ለክታ አታውቅም። በዓይኗ ገርመም ታደርገዋለች፣ አለቀ።

«እሰይ! አሁን ሰው መሰልክ» አለችው።

ጓዴ ግን ሰው መምሰል አላሰኘውም። ስሙን ያወጣለት አናጢው ባሏ ነው። አናጢው ከሞተ ሁለት ወር ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ የውሻው ጀርባ ፀጉሩ ረግፎ ተራቁቷል፣ ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል፣ ምግብም እየቀነሰ ቆይቶ ይኸው ሦስት ቀኑ ጨርሶ አልቀመሰም። ትናንት የመጣው የእንስሳት ሐኪም አቅማምቶ አቅማምቶ፣ «እስከ ነገ ካልበላ ደውሉልኝ፣ መጥቼ በመርፌ ላሳርፈው። እንዲህ ማሰቃየት ኃጢአት ነው» ብሎ ሄደ። «ነገ» ያለው ዛሬ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ እሷና ውሻው ድሮም አይዋደዱም። ሶፋው ላይ ባሏ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል ያጉረመርምባት ነበር። «ከእኔና ከዚህ ውሻ ማንን ትመርጣለህ?» ስትለው፣ «ምን ልዩነት አላችሁ? ሁለታችሁም ስታጉረመርሙ ነው የምትውሉት» ይላታል እየሳቀ። አሁን ግን በዚያ ቤት በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ቀና የሚሉት እሷና እሱ ብቻ ናቸው። እሱም ከሄደባት ብቻዋን ቀና ማለቱን አትችለውም።

ለዚህ ነው ሹራቡን የሠራችለት። ክሩን ከየትም አላመጣችውም፤ የባሏን ቡናማ ሹራብ ተርትራ ነው። ውሻው ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያንን ሹራብ ጎትቶ በሩ ሥር እያደረገ ይተኛበት ነበር። የዛሬ ሦስት ቀን ከሥሩ ስትስብበት እንኳ አላጉረመረመም። ዝም ብሎ አያት።

ልጇ ሳህኑን አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። የተቀቀለ ሥጋ ነው፣ ከነመረቁ። ጓዴ ዞርም ብሎ አላየው። አንገቱን አጥፎ ትከሻው ላይ ያለውን ሹራብ አሸተተ፤ ደግሞ ጎኑን አሸተተ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደና ባዶው ሲሚንቶ ላይ አፍንጫውን እየጎተተ ፈለገ፣ ፈለገና ተዘረረ።

«ምን ሆነ? የአባዬ ሹራብ መሆኑን አላወቀም እንዴ?» አለች ልጅቷ። «እማዬ... አጥበሽዋል?»

«ታዲያ ሳላጥብ ልሥራው? የተተረተረ ክር እኮ ጥምዝምዝ ነው፣ ካልታጠበ አይቃናም። ሁለቴ ነው በሳሙና ያጠብኩት፣ መቼም እንደዚያ የቆሸሸ...»

በሩ ሥር ወደተዘረረው ውሻ ዞረች።

«ወይኔ!» አለች። «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ አጥቤ ደፋሁት።»

አርባ ዓመት የለመደ እጅ መቼ ያስባል? ተረተረች፣ ጠመጠመች፣ ዘፈዘፈች፣ ቡናማውን ውሃ ሁለት ጊዜ ደፋች። የእንጨት ሙጫውንም፣ ትምባሆውንም፣ የሰውየውን ላብም አብራ ደፋች።

ልጅቷ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እማዬ፣ ለሐኪሙ ልደውልለት። አያሳዝንም?»

«ቆይ።»

እናትየው መኝታ ቤት ገባች። ትራሷ ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ነገር አለ፤ ልጇም አታውቀውም። የግራው እጅጌ ነው። ለውሻ ክሩ ይተርፋል ብላ ሳትተረትረው፣ ሳታጥበው ያስቀረችው። አናጢው ግራኝ ነበር፤ ሙጫውንም አፍንጫውንም የሚጠርገው በዚህ እጅጌ ነው። «መሐረብ ነው እንዴ?» እያለች ስንት ዓመት ተጨቃጭቃዋለች! አሁን ጠዋት ጠዋት ላስቲኩን ትፈታና አንዴ ብቻ ስባ ታሸተዋለች፣ ከዚያ እንዳያልቅባት ቶሎ ትቋጥረዋለች።

መቀስ አነሣች። ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለራሷ። መቀሱን ከፍታ ብዙ ቆመች። እሷ ፎቶግራፉ አላት። ልጅም አላት፣ አፍንጫዋ ቁርጥ የአባቷ የሆነች ልጅ። ያ ምስኪን ምን አለው? መቀሱን መልሳ አስቀመጠችው።

ላስቲኩን እየፈታች ስትመለስ የጓዴ ጆሮዎች ቆሙ። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ እጅጌውን ሹራቡ ደረት ላይ በትልልቅ ስፌት ሰፋችለት፤ ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋች። ውሻው አፍንጫውን እጅጌው ውስጥ ከተተና በረጅሙ ተነፈሰ። ብዙ ቆይቶ ቀና አለ፤ ልጅቷ ሳህኑን ስታስጠጋለት መረቁን ሦስቴ ላስ ላስ አደረገ።

ልጅቷ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

እናትየው ግን አልተነሣችም። ባዶውን ላስቲክ አሸተተችው፤ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። በክርኗ ተደግፋ ፊቷን ወደ ውሻው ደረት አስጠጋች። ጓዴ አጉረመረመባት፣ እንደ ድሮው። እሷም አልሸሸችም። ከዚያ ዝም አለ፤ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።