ማሽኑ ያላየው ጉልበት

በዚያ ዘመን ሕጉ ሕመም እስኪመጣ አይጠብቅም። ሰው ሁሉ በየዓመቱ የሰውነቱን ውስጥ የሚያሳይ የኤምአርአይ ምስል ይነሣል፤ ምስሉንም መጀመሪያ ማሽን ያነበዋል፤ የጉልበቱ መገጣጠሚያ ልም አጥንት መሳሳት ከጀመረ፣ ምንም ባያመውም፣ ፎቅ ላይ መኖር ይከለከላል።

ወይዘሮ የሺእመቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ዛሬ ከሰዓት፣ ሆስፒታል ውስጥ ምስል የምታነበው ልጃቸው ማራማዊት መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ ማሽኑ ደህና ናት ብሎ አሳልፎሽ ነበር። እኔ ግን ደግሜ ሳየው በግራ ጉልበትሽ ላይ ትንሽ የሳሳ ቦታ አገኘሁ።»

«ማሽኑ ያላየውን?»

«አዎ። ከቤትሽ እንዳላስወጣሽ ዝም ልል አስቤ ነበር። ግን አሁን ካልታከመ ኋላ መራመድ ያቅትሻል። ውጤቱ ላይ ጻፍኩት።» እንባዋ መጣ።

«ደግ አደረግሽ! ለእናቷ ብላ ዋሸች ከምትባዪ፣ እኔ ምድር ቤት ልኑር።»

ወይዘሮ የሺእመቤት ቀጥ ብለው ወደ በረንዳው ወጡ። ከጎረቤታቸው ከወለላ በረንዳ ጋር ተወጥሮ የኖረውን የልብስ ማስጫ ገመድ ፈትተው ጫፉን ወረወሩላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ እያሰጡ ያወጉት በዚያ ገመድ ላይ ነበር።

«ምነው የሺ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?» አለች ወለላ ደንግጣ።

 ወይዘሮ የሺእመቤት ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልወርድ ነው ወለላ! ማሽኑ ያላየውን ልጄ አየችው! የእኔ ልጅ!»