የሀጂ ሙህዲን «ኋላ»

ሀጂ ሙህዲን ለጠያቂ «እምቢ» ብለው አያውቁም። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ሀብታም ደግሞ ነውር አይወድም። የእሳቸው ቃል «ኋላ» ነው። ጧት ለመጣ ኋላ፣ ኋላ ለመጣም ኋላ።

ከደሴ መጥተው ከሚሴ ላይ የእህል መጋዘን ከከፈቱ፣ ያገሩንም ልጅ ሰዓዲያን ካገቡ ገና ዓመታቸው ነው። በዚህ ዓመት የመጋዘኑን ደጃፍ አብዝታ የረገጠችው ሙሚና የምትባል አሮጊት ናት። ከኦሮምኛ ሌላ ቃል አይወጣትም። ቦርከና ወንዝ ዳር ስላሉ ወላጅ አልባ የቲም ልጆች ታወራለች፤ ለአረፋ እንኳ ሥጋ ይቅመሱ ትላለች። ሀጂ ኦሮምኛው ለገበያ ያህል ይገባቸዋል። ግን ጫታቸውን በጉንጫቸው እንደወጠሩ «ኋላ፣ ኋላ» ብለው ይሸኟታል። እሷም ፊቷ በርቶ፣ መርቃ ትሄዳለች። በ«ኋላ» የሚመርቅ ሰው ሀጂ አይተው አያውቁም።

የአረፋ ዕለት፣ ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ፣ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሀጂ ግቢ ተሰበሰቡ። የመስጊዱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሊመረጥ ነው፤ ሀጂም ወንበሩን አጥብቀው ይፈልጉታል። ከባቲ ያስመጧቸው ሁለት የበግ ሙክቶች ጥግ ታስረዋል። ሰዓዲያ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ናት። ይሄኔ ሙሚና ገመድ ይዛ ገባች።

«ሆላን ኮ ሜሬ?» አለች። በጌስ የታል ማለቷ ነው።

«የምን በግ?» ብለው ሳቁ ሀጂ።

የሰፈሩ አስታራቂ ሸህ አብዱልጀሊል በኦሮምኛ ጠየቋት፤ ነገሩም ተገለጠ። በኦሮምኛ በግ «ሆላ» ነው። ዓመት ሙሉ «ኋላ» ስትባል እሷ የሰማችው «ሆላ» ኖሯል። በጫት የተወጠረ ጉንጭ እንደሁ ሁለቱን አይለይም።

«ኋላ ነይ ነው ያልኳት!» አሉ ሀጂ። «አማርኛ ካልገባት እኔ ምን ላድርግ?»

ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከእንግዶቹ አንዱ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«ሀጂ፣» አሉ ሸሁ፣ «እርስዎ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማሉ፤ እሷ አንዱን ብቻ። ታዲያ መጠንቀቅ የነበረበት ማን ነው? ቃል ከአፍ ከወጣ የሰሚው ነው። ለየቲም የተባለ ሙክት ከተከለከለ ደግሞ አኺራ ላይ ቀንዱን ስሎ ይጠብቅዎታል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሙሚናም ሳቀች። ሸሁ ሲተረጉሙላት ደግማ ሳቀች።

ሀጂ ሙክቶቹን አዩ፤ እንግዶቹን አዩ። ቃሉን ያጠፈ ሰው የመስጊድ ቁልፍ አይሰጠውም። «ትውሰድ፤ ትንሹን» አሉ።

ሙሚና ትልቁን ፈታች።

«አማርኛ አይገባትም እኮ» አለ ባለጋቢው ቀስ ብሎ።

ሙክቱን እየጎተተች፣ ግቢውን ሁሉ መርቃ ወጣች። ሀጂም በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆኑ።

ሰዉ ሲበተን ሀጂ ሰዓዲያን ጠርተው የሆነውን አጫወቷት። ሹመቱ ልባቸውን አራርቶታል።

«በሙሚና አልፈርድባትም» አሉ። «ምስኪን፣ አማርኛ የሚያስተምራት አጥታ ነው።»

ሰዓዲያ ግራ ተጋብታ አየቻቸው። «ቲቸር ሙሚና? እኛን ሁላችንን አማርኛ ያስተማሩን እሳቸው አይደሉ እንዴ?»