ሽማግሌው አልነቃ አለ

«የነካኸው ነገር አለ?» አለችው ሚስቱ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እየሰቀለች።

«እኔ? ምንም አልነካሁም» አለ ጥልፍ ሠሪው። ቅንድቧ ከፍ ሲል አይቶ ቃሉን አረመ። «ሶፍትዌሩ አፕግሬድ ላድርግ ወይ እያለ በየቀኑ ሲለማመጠኝ አንጀቴን በላውና እሺ አልኩት።»

«ቅንድብ ልኩል ብለህ ዓይን አጠፋህ» አለችና ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

አልነሳ ያለው ሽማግሌው ነው። ሽማግሌው የሚሉት ጥልፍ የሚነደፍበትን ፕሮግራም የያዘውን የድሮ ኮምፒውተር ነው። ሣጥኑ ከተቃጠለ ዓመታት አልፈዋል። ፕሮግራሙ ግን አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ ሲል፣ እሷ ሆድ ዕቃውን እንዳለ አውጥታ አዲሱ ውስጥ አስገባችው። ባለሙያዎቹ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። ስክሪኑ ላይ ባለች አንዲት መስኮት ውስጥ ተከራይ ሆኖ ይኖራል፤ ዛሬም የድሮ ሣጥኑ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የሚያኖረው ሶፍትዌር ከትናንት ወዲያ ከታደሰ በኋላ ግን ቢቀሰቅሱት ወይ ፍንክች!

ሚስቱ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስትጠግን ነው ፀጉሯ የሸበተው። ቅዳሜ በጡረታ ይሸኟታል። የጥልፍ ሠሪውም ጭንቅ የዚችው ቅዳሜ ነገር ነበር።

«ገባኝ» አለች። «አንተ ሥራ ስትጨርስ አጥፍተኸው አይደለም የሄድከው፤ አስተኝተኸው ነው። ያስተኛው የድሮው ሶፍትዌር፣ ሊቀሰቅሰው የሚታገለው አዲሱ። አይተዋወቁም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንቅልፉን ጥሎ እንደ አዲስ ማስነሳት ነዋ። አንድ ጊዜ መጫን ነው። ሳታስቀምጠው የተውከው ሥራ ካለ ግን አብሮ ይጠፋል። አለ እንዴ?»

«የለም» አለ። አፉ ቀደመው።

እጇ ወደ ማውሱ ሄደ።

«ቆይ!»

ጩኸቱ ራሱንም አስደነገጠው። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው።

«የለም አላልክም?»

«የለም። ግን ቆይ።»

በዚያ እንቅልፍ ውስጥ ቅዳሜ ትከሻዋ ላይ ጣል ሊያደርግላት ያሰበው ሻርፕ ንድፍ አለ። ዳር ዳሩን ሐረግ ይዞረዋል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሐረጉ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፣ አበቦቹ ሶኬቶች፣ ፍሬዎቹ ብሎኖች። እሷ ስትጠግን ከኋላዋ ቆሞ አንድ በአንድ ያጠናቸው ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ ለፍቶበታል፤ ዛሬ ነገ ሳይል ወደ ጥልፍ ማሽኑ ካላስገባው ደግሞ ለቅዳሜ አይደርስም።

ያላስቀመጠው በምክንያት ነው። እሷ እሁድ እሁድ የጥልፍ ሱቁን ፋይሎች ቅጂ ስትወስድ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» እያለች አንዱንም አታልፍም፤ እሱ ደግሞ ፊቷ ቆሞ መዋሸት አይሆንለትም። ስለዚህ ማታ ማታ ንድፉን እንደተከፈተ ትቶ፣ ሽማግሌውን አስተኝቶ ይወጣል። ብልጠት መስሎት ነበር። አሁን እንቅልፉን ከጣለችው ሻርፑ ቀረ፤ ሽማግሌውን ከቀሰቀሰችው ደግሞ ምስጢሩ ወጣ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ።

«የደንበኛ ሥራ ነው?» አለችው።

«አዎ፣ የደንበኛ።»

«ምን ዓይነት ደንበኛ ቢሆን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅህ?»

«አስቸጋሪ ናት።»

«ናት?»

ምላሱን ነከሰ። መመለሻ ግን አልነበረውም። «በጣም አስቸጋሪ ናት። ሁሉን ነገር እሷ ካላየችው አይሆንላትም።»

ሚስቱ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና ለአፍታ አየችው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። የከንፈሯ ዳር ሲንቀሳቀስ ያየ መሰለው።

«እንግዲያው በረጅሙ መንገድ እንሂድ» አለች። «አዲሱን ሶፍትዌር እናውጣና የድሮውን እንመልሰው። ያስተኛ ይቀስቅስ።»

በመጀመሪያ ለክፉም ለደጉም ብላ ሽማግሌውን ከነእንቅልፉ ቀዳችው። ቀጥላ አዲሱን ነቅላ የድሮውን መጫን ጀመረች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ መቀሱን ያነሳል፣ ይጥላል። ይወዳታል። በተለይ እንዲህ ስትሆን ይወዳታል፦ የምላሷን ጫፍ ነክሳ፣ ማሽኑን እንደ ሕፃን «ና የኔ ጌታ፣ ና» እያለች ስታባብል።

«ባይነቃስ?»

«ቅጂው አለ፤ ደግመን እንሞክራለን። ምነው፣ ደንበኛዋ ትቆጣለች?»

«እሷስ አትቆጣም። እኔ ነኝ የማዝነው።»

ሚስቱ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። እጇም ፈጠነ።

መስኮቱ ጠቆረ። ከሥሩ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ትንሽ ሄደችና ቆመች። እሱም መቀሱን እንዳነሳ ቆመ። መስመሯ እንደገና ተንቀሳቀሰች።

«ነቃ!» አለች ሚስቱ። ወዲያው ከወንበሩ ብድግ ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። «በል አስቀምጠው። ከዚያ እንደ ወጉ አጥፋው፤ ከእንግዲህ ማስተኛት የለም። ስትጨርስ ጥራኝ።»

ተቀመጠ። ገመዱ፣ ሶኬቶቹ፣ ብሎኖቹ፣ ሁሉም እንደነበሩ አሉ። እፎይ ብሎ ቀና ሲል ግን ልቡ ስንጥቅ አለ። ሚስቱ የዞረችው ደንበኞች ልብስ ወደሚለኩበት ትልቅ መስታወት ነው። ኮምፒውተሩ ከነሻርፑ ንድፍ መስታወቱ ውስጥ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ ወለል ብሎ ይታያል። ሊጮህ አፉን ከፈተ።

ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ፊቷን አየ። ድብብቆሽ እንደሚጫወት ልጅ ዓይኖቿን ጭፍን አድርጋ፣ አፍንጫዋን ሸብሽባ ቆማለች።

ንድፉን አስቀመጠ። ሽማግሌውን እንደ ወጉ አጠፋው። መስኮቱ ተዘጋ።

«ጨረስክ?» አለችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ትንሽ ቆዪ» አላት፣ በመስታወቱ ውስጥ እያያት።