የሉባባ ኒካ

የሉባባ ወንድም ባሕር ማዶ ሲማር፣ ሙስሊም ተማሪዎችን አሰልፎ ለጥቁሮች መብት ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸ ሰው ነው። ቪዲዮው ደሴ ድረስ ደርሶለታል። አባቱ በሕይወት ስለሌለ፣ በእሱ ቦታ ሆኖ የእህቱን ኒካ ሊያስር ትናንት ማታ ደሴ ገባ።

ሉባባ በስልክ "ሙሽራው የአሶሳ አስተማሪ ነው" ስትለው፣ ድሮ ከወሎ ሄደው እዚያ ከሰፈሩት የአንዱ ልጅ መስሎት ነበር። ኒካው ሲታሰር ሼኹ ፊት ከእሱ ጋር እጅ ለእጅ ሊያያዝ የቀረበው ግን አታሂር የሚባል፣ ድቅድቅ ያለ ጥቁር፣ የዚያው አገር ተወላጅ የበርታ ልጅ ሆነ።

"አንድ ጊዜ" ብሎ ተነሣና እናቱን ወደ ጓዳ ጠራት።

"እማዬ፣ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። እኔማ ምን ችግር አለብኝ? ለአንቺ ብዬ ነው። ዘመድ ምን ይላል?"

"ዘመድማ አምና ሲል ከረመ። እኔም ከሁሉ ብሼ እህትህን 'ባሪያ ቤቴን አይረግጥም' ብያት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።"

"ታዲያ ምን አግኝተሽ ፈቀድሽ?"

እናቱ ሻሿን እያስተካከለች አየችው።

"ሉባባ ያን ቪዲዮህን ከፍታ፣ የምትለውን ቃል በቃል ተረጎመችልኝ።"

ከሳሎን የሼኹ ድምፅ መጣ፤ "ኧረ ሙሽራው እጁን ዘርግቶ ቀረ! ወንድምየው የት ገባ?"