የወንድሟ ፎልደር

እህትና ወንድም ሆነው ድረ ገጽ ሲሠሩ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ኮዱ አልሠራ ያለበት የፕሮጀክቱን ፎልደሮች ጮክ ብሎ አንድ በአንድ ለሌላው ያስረዳል፣ ስህተቱም መሃል ላይ ራሱን ያጋልጣል። ወንድሟ ካረፈ ወዲህ የምታስረዳው ለባዶ ወንበሩ ነው። ሰው ቢሰማት «ለየላት» ይል ነበር።

ዛሬም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ጀመረች።

«ይሄኛው የገጾቹ ፎልደር ነው፣ ወንድምዓለም።»

«እህ።»

«እዚህ ፎቶዎቹ አሉ። ይሄ ደግሞ ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘን ነው።»

«እህ።»

ለዓመታት የለመደችው ድምፅ ነውና ልብ አላለችውም። እሱ ጀምሮት የቀረውን ፎልደር እንደ ወትሮው አንጀቷ አልችል ብሎ ሳትከፍተው አለፈች። ስህተቱ ግን አልተገኘም።

«በቃ፣ ሁሉንም አየነው። ምኑ ጋ ይሆን?»

«የኔን እኮ ዘለልሽው።»