የኤድና ፒሊንግ ብልቃጥ

ኤድና ፒሊንግ ማዘጋጃ ቤቱን የጠየቀችው ደረቅ ቤት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ የሰጣት የአክታ ብልቃጥ ነው።

የክሌግሾ ከተማ ደንብ እንዲህ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ የተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ጥቂት፣ ጠያቂው ግን ብዙ ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ለገባበት ቤተሰብ ነው። ኤድና ታስላለች። ልጇ ሞሪንም ታስላለች። ግን ነቀርሳ አልተገኘባቸውምና ተራቸው አይደርስም።

ነርስ አስፒናል ቤት ለቤት እየዞረች የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የምትከታተል የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ናት። ወደ ኤድና ምድር ቤት በወረደች ቁጥር የምታየው ያንኑ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ግድግዳ፣ አልጋው ራስጌ ድረስ የወጣ ሻጋታ፣ ስትተነፍስ ደረቷ የሚያፏጭ የአራት ዓመት ልጅ። ደጋግማ ለአለቃዋ አመለከተች። አለቃዋ የከተማው የጤና ሹም ዶክተር ሌድቤተር ናቸው። ብርድ የሚያመጣው ሳል በሽታ ሳይሆን የክሌግሾ አየር ጠባይ ነው አሏት። ይህን ብለው ፒፓቸውን ለኮሱ፣ በማዘጋጃ ቤት ቢሯቸው ባለው መታጠቢያ ሳህን ላይ ጎንበስ ብለው ጥቂት አሳሉና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ።

ደንቡን ለኤድና የነገረቻት ነርሷ ነበረች። ብልቃጡንም የሰጠቻት እሷው ናት።

ኤድና ማለዳ ማለዳ የማዘጋጃ ቤቱን ፎቅ ታጸዳለች። አመድ ታወጣለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ ሹማምንቱ በየክፍላቸው ትተውት የሄዱትን ሁሉ ጠራርጋ ትደፋለች። እስክትመለስ ሞሪንን ቁርስ የሚያበላት ኢኖክ ነው። ኢኖክ ከላያቸው የሚኖር፣ ዕድሜውን በጥጥ ፋብሪካ የጨረሰ ሽማግሌ ነው። ሳሉ ከመንገድ ይሰማል።

ኤድና ያስመረመረችው አክታ ሁለት ጊዜ ንጹሕ ነው ተብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ነቀርሳ ተገኘበት።

የሰፈሩ ሴቶች እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። አንዷማ፣ “አንቺስ ታድለሻል፤ የኔ ባል ዕድሜ ልኩን አስሎ አንድ ጀርም እንኳ አላፈራልኝም” አለቻት።

ደስታው አልቆየም። የኤድና የደረት ራጅ ሲታይ ሳንባዋ እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ሆነ። ዶክተሩ ነርሷን አስጠሯት።

“ይቺ ሴት የሰው አክታ ነው ያመጣችው” አሉ። “ቤቱን እንደማታገኝ የታወቀ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የአክታው ባለቤት ነው። ሳይታከም በከተማዬ የሚዞር በሽተኛ አለ ማለት ነው። ፈልጊና አምጪልኝ።”

ነርሷ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ደረጃውን ወጥታ የኢኖክን በር አንኳኳች። የራጅ መኪናው ገበያው መሃል ቆሟል፣ በነጻ ነው፣ ዶክተሩ ራሳቸው ንግግር አድርገው የመረቁት ነው አለችው። ኢኖክ በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማት።

“ነፍሷን ይማረውና ሚስቴም ያለ ሸሚዝ ብዙ አላየችኝ፣ ልጄ። ለገበያተኛ አላሳይም” አለና ዘጋው።

ተመልሳ መጣች። እንደገናም መጣች። ኢኖክ ከበሩ ኋላ እያሳለ የለሁም ይላታል።

ኤድናም የባሰች ሆነች። አክታው የኔው ነው ብላ ድርቅ አለች። ነርሷ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ በመጨረሻም ማዘጋጃ ቤቱ ሊከስሽ ይችላል አለቻት።

“ይክሰሰኝ” አለች ኤድና። “እስር ቤቱ ደረቅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።”

ነርሷ የምትናደድበትን ሰው አጣች። በዋሸችው እናት ትናደድ ወይስ በግትሩ ሽማግሌ? ወይስ እናት በሽታ ተበድራ እንድትመጣ በሚያደርገው ደንብ? ጓንቷን ኤድና ቤት ረስታ፣ በጭጋጉ ውስጥ እጇን ኪሷ ከትታ ሄደች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሕፃናት ክሊኒኩ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ተከፈተ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ሊያስመዝኑ፣ የዱቄት ወተትና የዓሣ ዘይት ሊወስዱ ተሰልፈዋል። ዶክተር ሌድቤተር በዚህ ቀን ሌላ ሰው ናቸው። ሕፃናቱን አንድ በአንድ ጭናቸው ላይ እያስቀመጡ፣ ሆዳቸው ላይ እፍ እያሉ ያስቋቸዋል። እናቶቹ ይወዷቸዋል።

ኤድና የሞሪንን የዓሣ ዘይት ልትወስድ መጣች። ነርሷ ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

“ሞሪን የት ናት?”

“ኢኖክ ጋ።”

ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች። “ስሚኝ፣ ኤድና። ክሱን እኔ አስቀርልሻለሁ፣ ሥራዬን ቢያሳጣኝም። ግን ያ አክታ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለሰውየው አዝነሽ ልጅሽን ልትቀብሪ ነው?”

“ከተናገርኩ ቤቱ ቀረ፣ አይደል?”

ነርሷ ልትዋሽ ፈለገች፤ አልሆነላትም። “አዎ፣ ቀረ” አለች። “ግን ሰውየው ይህን ጊዜ የማንን ልጅ እንዳቀፈ አስቢው።”

ኤድና የዓሣ ዘይቱን ጠርሙስ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ከነርሷ ትከሻ አሻግራ አዳራሹን አየች።

“እንግዲያው ቶሎ ይበሉ፣ ነርስ” አለች። “ያንን ሕፃን ከዶክተሩ ጭን ላይ ያንሱት።”